የጎረቤት ውሻ ታስሮ ተረስቷል፣ ከየት ልጀምር?

ሳባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጥር ከምንጋራቸው ጎረቤቶች ግቢ ውስጥ መካከለኛ ቁመና ያለው ወንድ ውሻ ቀን ከሌት ታስሮ ይኖራል። ሰንሰለቱ አጭር ነው፤ ግንዱን ዞሮ ሲጠመጠምበት ሰው እስኪያላቅቀው እዚያው ቁጭ ይላል። የውሃ ዕቃው ብዙውን ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚታየው። የጎድን አጥንቱ ከአጥር ማዶ ይቆጠራል። የጆሮው ጫፍ ላይ ፀጉሩ ረግፏል፣ ሲያክ ይውላል። ሌሊት ያላዝናል። ከባለቤቶቹ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቅርበት የለንም። ጠብ መፍጠር አልፈልግም፣ አይቶ ማለፉም አልሆነልኝም። ምግብ በአጥር ልወርውርለት? ላናግራቸው? ወይስ በቀጥታ ላመልክት? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ዶ/ር በ (የእንስሳት ሐኪም)፦
ሳባ፣ መጀመሪያ መለየት ያለበት ውሻው ምን ያህል ጊዜ እንዳለው ነው። ችግሩ በሰዓታት የሚለካ ነው፣ በቀናት ወይስ በሳምንታት? ቀጥሎ የምታደርጊው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው።

በሰዓታት የሚለካው ይህ ነው፦ ተነስቶ መቆም አለመቻል፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፣ በሙቀት ሰዓት ያለማቋረጥ እያለከለኩ መንገዳገድ፣ ሆድ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገሉ ምንም አለማውጣት፣ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ለመሽናት እያማጡ ጠብ አለማለት፣ ቁስል ላይ ትል መታየት፣ ሰንሰለት አንገት ላይ መጠምጠም። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ያኔውኑ ባለቤቱን አንኳኪ፤ ሰው ከሌለ በዚያው ቅጽበት ለፖሊስ ወይም ለእንስሳት ጉዳይ ኃላፊዎች ደውይ።

አንገቱንም በደንብ እዪው። ቡችላ ሳለ የታሰረለት ማሰሪያ ሳይለወጥ ካደገ ሥጋው ውስጥ ይሰምጣል። ከሩቅ የሚታየው እርጥብ ፀጉር፣ ዙሪያውን የሚያንዣብቡ ዝንቦችና ቀረብ ሲሉ የሚሰነፍጥ ሽታ ነው። እንዲህ ከሆነ ማንም በመቀስ ሊቆርጠው አይሞክር። ተደንዝዞ በሐኪም የሚወጣ ነገር ነው።

ክሳቱን በተመለከተ ሐኪሞች ከ1 እስከ 9 በሚሄድ መለኪያ እንጠቀማለን። 4 እና 5 ጤናማ ነው። የጎድን አጥንት፣ የአከርካሪና የዳሌ አጥንት ከሩቅ ከታዩና በላያቸው ጡንቻ ከሌለ 1 ነው። ፀጉሩ አጭር የሆነ ቀጭን ዝርያ ላይ ግን ጥቂት የጎድን አጥንት መታየቱ ብቻውን ረሃብ አይደለም፤ ዳሌውን እዪ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የከሳ ውሻ ሁሉ ያልበላ ውሻ አይደለም። የአንጀት ትል፣ የኩላሊት ሕመም፣ ስኳር፣ የጥርስ መበስበስ በደንብ የሚበላን ውሻ ያከሳሉ። ስለዚህ «አስራባችሁት» ብሎ መጀመር ስህተት ሊሆን ይችላል።

ፈለቀ፦
የምን መለማመጥ ነው? ሌሊት ሰንሰለቱን ቆርጦ መውሰድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ውሻ አይገባውም።

የሕግ_ሰው፦
ፈለቀ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ለውሻውም አይበጅም። በብዙ አገሮች ሕግ ውሻ ንብረት ነው፤ ወስደኸው ብትገኝ ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ፣ ውሻውም ወደዚያው ግቢ ይመለሳል። ማስረጃውም ይበላሻል፦ በኋላ ስለ ቁስሉ ስታመለክት ባለቤቱ «ከኔ ቤት ሲወጣ ጤነኛ ነበር» ይላል። ካልተመለሰም ባለቤቱ በማግስቱ ሌላ ቡችላ አምጥቶ እዚያው ግንድ ላይ ያስራል። ቆርጠህ ብትለቀው ደግሞ ዕድሜውን ታስሮ የኖረ ውሻ መኪና አያውቅም፣ ሰውም ሊነክስ ይችላል። ያለ ፈቃድ ግቢ መግባት በሕይወት ላይ የደረሰ አጣዳፊ አደጋ ካልሆነ አይመከርም፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ስልክ ደውሎ የመልስ ሰጪውን ስም መያዝ ይበጃል።

ወለላ፦
በአጥር መወርወሩን ተይው፣ ሳባ። ባለቤቱ ካየ መርዝ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብትዪ አይሰማሽም። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ቸኮላት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይንና ዘቢብ ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካና ብስኩትም እንዲሁ። ውሻው አጥሩን የምግብ መምጫ አድርጎ ስለሚለምደው ጩኸቱም ይብሳል። በዚያ ላይ ባለቤቱ «ጎረቤት ያበላዋል» ብሎ ያለችውንም ትንሽ ያቋርጣል።

ዶ/ር በ፦
ወለላ ያለችው ላይ ዋናውን ልጨምር። በጣም የከሳን ውሻ በአንድ ጊዜ ማጥገብ ሊገድለው ይችላል። ሰውነቱ ለረጅም ጊዜ ስብና ጡንቻውን ሲያነድ ቆይቶ ድንገት ዳቦና ሩዝ የመሰለ ስታርች የበዛበት ምግብ ሲገባበት ኢንሱሊን ይመነጫል፤ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከደም ወደ ሕዋሳት ውስጥ ይገባሉ፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲያሽቆለቁል የልብና የመተንፈሻ ጡንቻ ይደክማል። ይህ የሚከሰተው አመጋገቡ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ባለቤቱ «ጥሩ በልቶ ነበር እኮ፣ ለምን ሞተ?» ብሎ የሚገረመው ለዚህ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ውሻ ተኝቶ ሳለ የሚያስፈልገው ጉልበት ክብደቱ በኪሎ ወደ 0.75 ኃይል ከፍ ብሎ በ70 ሲባዛ ነው። ለ15 ኪሎ ውሻ ወደ 530 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። የመጀመሪያ ቀን የዚህ ሩብ፣ ማለትም 130 ገደማ፣ ያውም ከ4 እስከ 6 ጊዜ ተከፋፍሎ። ሁለተኛ ቀን ግማሽ፣ ሦስተኛ ቀን ሦስት አራተኛ፣ በአራተኛው ሙሉ። አጥንቱ ብቻ የቀረ ከሆነ ይህ ራሱ ፈጣን ነው፤ እስከ 10 ቀን ተዘርግቶ በሐኪም ክትትል ይደረጋል። ስብና ፕሮቲኑ ከፍ፣ ስታርቹ ዝቅ ያለ ምግብ ይመረጣል። ድንገት ቢንቀጠቀጥ፣ ቢንገዳገድ ወይም ቢዝለፈለፍ ምግቡ ቆሞ ወደ ሐኪም ይሄዳል።

ውሃ ግን አይጠብቅም። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ15 ኪሎ ውሻ ከ750 እስከ 900 ሚሊ ሊትር። በሙቀት ቀን እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

መስከረም፦
እንግዲህ ስለ ማነጋገሩ። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታውም የሚበላሸውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው።

ባለቤቱ ብቻውን ሲሆን ሂጂ፤ እንግዳ ወይም ልጆቹ ፊት አይሁን። ሰው ፊት የተወቀሰ ሰው ውሻውን ሳይሆን ክብሩን ነው የሚከላከለው። ስለ ጩኸቱ አትጀምሪ፤ በጩኸት ከጀመርሽ መፍትሔው ውሻውን መደብደብ ወይም ጓሮ ወስዶ ማሰር ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ አንቺም አታዪውም። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፦ «ሰንሰለቱ ግንዱ ላይ ተጠምጥሞበት ውሃው ጋ መድረስ አቅቶታል፤ እንዲህ ሲሆን ገብቼ ላላቅቀው ትፈቅዱልኛላችሁ?» የውሻውን ስም ጠይቂ። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ።

ከቸልተኝነቱ ጀርባ ያለው ምክንያት ይለያያል፣ መፍትሔውም እንዲሁ። ውሻው የልጅ ኖሮ ልጁ ከቤት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ውሃ መሙላትና ማንሸራሸር ብቻ ብዙ ይለውጣል። ገንዘብ አጥሯቸው ሐኪም ያልወሰዱ አሉ። ውሻ ሲባል ታስሮ የሚጮህ ነገር ነው ብለው ያደጉም አሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ትንሹንና አስቸኳዩን። ውሃው ይሁን። ሰንሰለት፣ ቤት፣ ክትባት፣ እከክ በአንድ ትንፋሽ ከተደረደረ ክስ ይመስላል።

ፈቃድ ከሰጡሽ «እሺ እንዳላችሁኝ ጠዋት ጠዋት ውሃ እሞላለሁ» ብለሽ በስልክ መልእክት ላኪላቸው። በኋላ «ማን አስገባሽ» የሚል ቢመጣ መልሱ እዚያ ተጽፏል።

አናጢው፦
ሰንሰለቱንና ዕቃውን እኔ ልውሰድ፤ ብዙው ስቃይ የሚመጣው ከአሠራር ጉድለት ነው።

ውሃ፦ ታስሮ የሚኖር ውሻ ዕቃ የሚገለብጠው ሰንሰለቱ እየጎተተበት ነው። 5 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ግድግዳ ወይም ቋሚ እንጨት ላይ ሁለት ቦታ በሽቦ ይታሰር፤ አንድ ቦታ ብቻ ከታሰረ ዞሮ ይፈሳል። አለዚያ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን አሮጌ የመኪና ጎማ መሐል ይቀመጥ። በየቀኑ በብሩሽ ካልታጠበ የዕቃው ውስጥ ያሙለጨልጫል፣ ውሻውም እየተጠማ ይተወዋል።

ማሰሪያ፦ ከሁሉ የሚሻለው ግቢው ተዘግቶ መለቀቁ ነው። ያ ካልሆነ ግንድ ላይ ማሰር ቀርቶ የሚንሸራተት መስመር ይሠራ። በሁለት ቋሚዎች መካከል የብረት ገመድ ከሰው ቁመት ከፍ ተደርጎ ይወጠራል፣ በላዩ ቀለበት ይገባል፣ ከቀለበቱ ማሰሪያው ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ቋሚ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀር ገመዱ ላይ ማቆሚያ ክላምፕ ይታሰራል። ይህን ክላምፕ ሰዎች ይረሱታል፤ ያለ እሱ ውሻው ቋሚውን ይዞርና ያው የግንዱ ችግር ይመለሳል። በማሰሪያው በሁለቱም ጫፍ የሚሽከረከር ማያያዣ ይግባ፤ ሰንሰለት የሚያጥረው ውሻው በዞረ ቁጥር እየተገመደ ነው። የሰንሰለቱ ክብደት ከውሻው ክብደት ከአንድ አሥረኛ አይለፍ። የአንገቱ ማሰሪያ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ሁለት ጣት በሥሩ ማለፍ አለበት። የሚያንቅ ሰንሰለት በፍጹም አይታሰርበት።

አንድ አደጋ አለ፣ ደጋግሜ ነው የምለው፦ ማሰሪያው አጥር ላይ የሚያደርስ ከሆነ ውሻው ይዘላል፣ በወዲያኛው በኩል ተንጠልጥሎ ይሞታል። ስለዚህ ማሰሪያው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ የውሻው ቁመት ተጨምሮበትም አጥሩ ጋ መድረስ የለበትም። ከፍ ያለ ወለል፣ ደረጃና የተቆለለ እንጨትም እንደ አጥር ይቆጠራሉ።

ቤት፦ ሰፊ ቤት ጥሩ ይመስላል፤ በብርድ ግን ውሻው በሰውነቱ ሙቀት ሊያሞቀው አይችልም። ቆሞ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት ከቻለ ይበቃል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ 60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ውሻ የውስጥ ርዝመቱ ከ75 እስከ 80 ይሁን። በሩ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ይከፈት፤ ውሻው ከነፋሱ ዞር የሚልበት ጥግ ያገኛል። ወለሉ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘንብል። ለብርድ ደረቅ ጭድ ነው የሚነጠፈው፤ ብርድ ልብስ እርጥበት ይይዝና ይብሱን ያቀዘቅዛል። የቆርቆሮ ቤትና የፕላስቲክ በርሜል በፀሐይ ምድጃ ናቸው።

ሳባ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ ስለ ጆሮው ጫፍ አልነገሩኝም። የሚያሳክከው ምን ይሆን? ከቤት የምሰጠው መድኃኒት ይኖራል? ጥላስ ጠዋት ጠዋት አለው፣ ይበቃዋል?

ዶ/ር በ፦
ከጆሮ ጫፍ፣ ከክርንና ከሆድ ጀምሮ በጣም የሚያሳክክ የፀጉር መርገፍ ሳርኮፕቲክ የሚባለውን እከክ ያስጠረጥራል። ይህ ወደ ሌሎች ውሾች ይተላለፋል፣ የሰው ቆዳም ላይ ለጊዜው ሽፍታና ማሳከክ ያመጣል። ዐይንና አፍ ዙሪያ በክብ በክብ የሚረግፍና መጀመሪያ ላይ እምብዛም የማያሳክክ ከሆነ ደግሞ ዴሞዴክስ የሚባለው ሌላ ዓይነት እከክ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አይተላለፍም። የጆሮ ጫፍ ላይ ደም ያዘለ ቅርፊት ካለ የዝንብ ንክሻም ሊሆን ይችላል። ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው የሚለየው፤ አጭር ምርመራ ነው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣና ለከብት የሚረጭ መድኃኒት አይቀቡ፤ ቆዳውን ያቃጥላሉ፣ ሲልሰውም ይመርዙታል። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን በግምት ከተሰጠ፣ በተለይ ኤም ዲ አር 1 የተባለው ዘረ መል ጉድለት ባለባቸው እንደ ኮሊ ያሉ ዝርያዎችና ዲቃላዎቻቸው ላይ፣ ራስን ስቶ እስከ ሞት ያደርሳል። በአፍ የሚሰጡ እንደ አፎክሶላነርና ፍሉራላነር ያሉ መድኃኒቶች ቁንጫን፣ መዥገርንና እከክን አንድ ላይ ይይዛሉ፤ በክብደት ይታዘዛሉ፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሰው ማስታገሻ፣ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን፣ አትስጪው።

የጠዋት ጥላ አይበቃም፣ ጥላ ይዞራል። በ6፣ በ8 እና በ10 ሰዓት ላይ ሰንሰለቱ በሚያደርሰው ክልል ውስጥ ጥላ መኖሩን እዪ። የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 41 ካለፈ የውስጥ አካል መጎዳት ይጀምራል። በሙቀት ተመትቶ ከተገኘ ወደ ጥላ፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ በመላ ሰውነቱ ማፍሰስና ማራገብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። እርጥብ ፎጣ ሸፍኖ መተው ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል።

የሕግ_ሰው፦
ንግግሩ ካልያዘ ማመልከት ይመጣል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መዝግቢ። መመዝገብ መክሰስ አይደለም፣ ካላስፈለገ ይቀራል። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ያየሽው። «ውሻው እየተሰቃየ ነው» ብሎ መጻፍ አይረዳም፤ መርማሪው የሚፈልገው «ከ6 እስከ 10 ሰዓት ጥላ የለውም፣ የውሃ ዕቃው በ6 ሰዓትም በ10 ሰዓትም ተገልብጧል» የሚለውን ነው። ደህና የሆነበትንም ቀን ጻፊ፤ መጥፎውን ብቻ የያዘ መዝገብ ተዓማኒነት ያጣል።

ፎቶውን ከራስሽ ግቢ ወይም ከመንገድ ሆነሽ አንሺ። መጀመሪያ ሰፋ ያለ፣ ግንዱና በሩ የሚታይበት፤ ቀጥሎ ቀረብ ያለ። በየቀኑ ከአንድ ቦታ ማንሳት ክሳቱ መባባሱን ያሳያል። ዋናውን ፋይል አስቀምጪ፤ በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ የተላከ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ተጨምቆ የተነሳበት ቀንና ሰዓት ይጠፋበታል።

ማመልከቻውን በእንስሳት ደኅንነት የታወቁት አምስቱ ነጻነቶች መሠረት ማዋቀር ይረዳል፤ መነሻቸው በ1965 በብሪታንያ የቀረበው የብራምቤል ሪፖርት ሲሆን በ1979 ተደራጅተው ወጡ። ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ እንዲሁም ተፈጥሯዊ ባሕርይን ማሳየት። የተዘጋጁት ለእርባታ እንስሳት ነበር፤ ለውሻም በትክክል ይሠራሉ። በየርእሱ ሥር ያየሽውን ከነቀኑ አስገቢ። የመዝገብ ቁጥርና የተቀበለውን ሰው ስም ሳትይዢ አትመለሺ። ስም ያለበት ጥቆማ ስም ከሌለው ይልቅ ይከበዳል፤ ሌላ ጎረቤት ቢፈርምበት የበለጠ።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን አትለጥፊ። ባለቤቱ ያያል፣ ውሻው ከእይታ ይጠፋል፣ የጀመርሽው ንግግርም ያበቃል።

ፈለቀ፦
የመቁረጡን ሐሳብ ትቼዋለሁ፣ አሳምናችሁኛል። ግን እሷ ውሃ ልሙላ ብላ ስትገባ ቢነክሳትስ?

ዶ/ር በ፦
ተገቢ ጥያቄ ነው። ታስሮ የሚኖር ውሻ መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባለቤቱ አብሮ ይሁን። ከሰንሰለቱ ክልል ውጭ ጎንሽን ሰጥተሽ ቁሚ፣ ዐይን ዐይኑን አትዪ፣ እጅ ከጭንቅላቱ በላይ አትዘርጊ። ደርቆ መቆም፣ ጭራን አቁሞ ማንቀጥቀጥ፣ የዐይን ነጭ መታየት፣ ምግብ ላይ ድንገት መብላት አቁሞ መፍዘዝ ከንክሻ በፊት የሚመጡ ናቸው። ውሃውን ባልዲው ቦታ ሳትጠጊ በረጅም ቱቦ መሙላት ይቻላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተቡን ባለቤቱን ጠይቂ። ባሕርዩ ድንገት የተለወጠ፣ መዋጥ አቅቶት ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ አገጩ የወደቀ ወይም የሚንገዳገድ ውሻ ከሆነ ማንም አይቅረበው። ንክሻ ወይም ጭረት ካጋጠመ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ትንሽም ብትሆን በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ። ውሻው ለ10 ቀን ክትትል ይደረግበታል፤ ገድሎ መቅበር ምርመራውን ያጠፋል።

ሳባ፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ «ከፈለግሽ ውሰጂው» ቢሉኝስ?

የሕግ_ሰው፦
እሺ ከማለትሽ በፊት አጭር ወረቀት አስፈርሚ። ቀን፣ የውሻው ፆታ፣ ቀለምና መለያ ምልክት፣ በፈቃዳቸው ለዘለቄታው ማስተላለፋቸው፣ የሁለታችሁ ፊርማ። የክትባት ካርድ ካለ ከነካርዱ። በቃል የተሰጠ ውሻ ሲያምርበት ይጠየቃል።

ዶ/ር በ፦
ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ። ክብደት፣ የቆዳ ፍቅፋቂ፣ የሰገራ ምርመራ፣ የትል መድኃኒት፣ አቅሙ ከፈቀደ ክትባት። ማኮላሸቱ ክብደቱ ሲመለስ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ሁለት ሳምንት ለየብቻ፤ እከኩ ከተረጋገጠ ሐኪሙ በቃ እስኪል።

ስታወጪው በአንገቱ ማሰሪያና በደረት ቀበቶ በሁለት ገመድ ያዢው። የከሳ ውሻ አንገት ቀጭን ስለሆነ ወደ ኋላ ሲጎትት ማሰሪያው በጆሮው በኩል ይወልቃል። ሰንሰለቱን ከመፍታትሽ በፊት ሁለቱንም ገመዶች እሰሪ፣ የግቢው በር መዘጋቱንም እዪ፤ በሰንሰለቱ ምትክ ገመድ ሲታሰር ባለችው ቅጽበት ነው ብዙ ውሻ የሚያመልጠው።